ጎንደር ላይ ቤት ውስጥ የሚጠመቅ ቢራ፦ የመብላላት ሙቀት፣ የጠርሙስ ፍንዳታና የስኳር ልክ

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ዘመድ ከውጭ አገር ባመጣልኝ የገብስ ብቅል፣ ሆፕስና ደረቅ የኤል እርሾ ቤቴ ውስጥ በአንድ ጊዜ 20 ሊትር ቢራ እጠምቃለሁ። በጥር የጠመቅሁት በሃይድሮሜትር (ስኳሩ እያለቀ ሲሄድ ንባቡ የሚወርድ የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) 1.048 ጀምሮ 1.016 ላይ ቆመ። አረፋው ስለጠፋ ያለቀለት መስሎኝ በሰባተኛው ቀን በየጠርሙሱ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ በቆርኪ ዘጋሁት። መጋቢት ሲገባ ጠርሙሶቹ ይፈነዱ ጀመር። በመጋቢት የጠመቅሁት ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ 1.011 ቢደርስም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል፤ የጠጣውን ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል። አሁን አሮጌ ፍሪጅ ገዝቻለሁ። ስንት ቁጥር ላይ ላድርገው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሻላል? ስኳሩስ ምን ያህል ይሁን?

መልስ፦ ስለ ፍሪጁ ከመናገሬ በፊት እስካሁን ያልፈነዱትን ጠርሙሶች ማንሳት ግድ ይለኛል፤ አደጋው ገና አላለፈምና። ጠርሙሶቹ ያሉበት ክፍል ልጆች የሚገቡበት ከሆነ ዛሬውኑ በሩ ይዘጋ። ሲቀርቧቸው ወፍራም ጓንት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም ልብስና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ፤ ሣጥኑንም በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ሳያናውጡ፣ ቤቱ ውስጥ ወዳለው ቀዝቃዛ ቦታ ያዛውሩት። ከተቻለ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ይደሩ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ በብዛት ስለሚሟሟ ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በማግስቱ እያንዳንዱን ጠርሙስ በወፍራም ፎጣ ጠቅልለው፣ ፊትዎን ዘወር አድርገው፣ ቆርኪውን በጥቂቱ ብቻ እያነሡ ያስተንፍሱትና ሳፋ ላይ ይድፉት። ቢራውን ለማትረፍ አይሞክሩ፤ የአንድ ሰው ዓይን ከ20 ሊትር ቢራ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የጥር ወሩን ፍንዳታና የመጋቢቱን ሽታ እንደ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አቅርበዋቸዋል፤ እኔ ግን ሁለቱንም አንድ ጥፋት ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። በጥር እርሾው በርዶት ሥራውን ሳይጨርስ ተኛ፤ በመጋቢት ደግሞ ሞቆት ያለ ልክ ሮጠ። በጥር የተጠመቀው ቢራ በመጋቢት የፈነዳው ተኝቶ የነበረው እርሾ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ የበልጉ ሙቀት ስለቀሰቀሰው ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚስተካከሉት የፈሳሹን ሙቀት በመቆጣጠር ነው። የፈሳሹን ሙቀት ማለቴን ልብ ይበሉ፤ የክፍሉን ሙቀት ማወቅ ብቻውን አይበቃም።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። እርሾ ስኳርን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ሙቀት ያወጣል። እንደ እርስዎ ያለ 20 ሊትር፣ በ1.048 የጀመረ የብቅል ፈሳሽ መብላላቱን ሲጨርስ የሚያወጣው ሙቀት በሙሉ እዚያው ታምቆ ቢቀር ፈሳሹን ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በርግጥ አብዛኛው ሙቀት በዕቃው ግድግዳ በኩል ወደ አየር ይወጣል፤ ቢሆንም መብላላቱ በሚያይልበት ሰዓት ፈሳሹ ከክፍሉ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ከፍ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በመጋቢት ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ቢሆን ባልዲው ውስጥ ያለው እርሾ በ31 ወይም በ32 ዲግሪ እየሠራ ነው ማለት ነው። አብዛኛዎቹ የኤል እርሾዎች ንጹሕ ጣዕም የሚሰጡት ግን ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ከዚያ በላይ በጣም ሲሞቅ እርሾው በፍጥነት ይራባል፤ ከተራው አልኮል በተጨማሪ ከባድ አልኮሎችንና ኢታይል አሲቴት የተባለውን ውሕድ በብዛት ያመነጫል። የሸተተዎት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ከዚህ ውሕድ የመጣ ነው፤ ብዙ ጠማቂዎች የራስ ምታቱን ከከባዶቹ አልኮሎች ጋር ያያይዙታል። ይህ ሽታ በማቆየት አይጠፋም፤ ስለዚህ የመጋቢቱን ቢራ ይሻለው ይሆናል ብለው አይጠብቁት።

መልካሙ ነገር፣ መጥፎው ጣዕም በአብዛኛው የሚፈጠረው እርሾው በሚራባባቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት መሆኑ ነው። ስለሆነም ድካምዎን ሁሉ እነዚህ ቀናት ላይ ያውሉት። የፈላውን ፈሳሽ ሲያቀዘቅዙ እርሾውን ለመጨመር 25 ዲግሪ በቂ ነው ብለው አይቸኩሉ፤ እስከ 17 ወይም 18 ዲግሪ አውርደው ይጨምሩ። በሙቅ ጀምሮ በኋላ ማቀዝቀዝ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ሽታው አስቀድሞ ተፈጥሯል፣ እርሾውም ድንገት ሲበርደው ወደ ታች ይዘቅጣል። በጥር የጠመቁት ቢራ 1.016 ላይ የቆመበትም ምክንያት ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ጎንደር በጥር ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ግን ብርዳም ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈሳሹን ያሞቀው የመብላላቱ ሙቀት በአራተኛውና በአምስተኛው ቀን ሲቀንስ ባልዲው ሌሊቱን ከክፍሉ ጋር አብሮ ይበርዳል። እርሾውም ወደ 13 እና 14 ዲግሪ ሲወርድበት ሥራውን ትቶ ከታች እንደ አተላ ይጋገራል። ላዩ ላይ አረፋ አለመኖሩ ማለቁን አያረጋግጥም።

ወደ ፍሪጁ ስንመጣ፣ የራሱ ቁጥር ስንት ላይ ይሁን ለሚለው መልሴ የትኛውም ቁጥር አይሆንም የሚል ነው። የምግብ ፍሪጅ የተሠራው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለመጠበቅ ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር እንኳ ለኤል እርሾ በጣም ቀዝቃዛ ነው። የሚያስፈልግዎት ፍሪጁ የሚሰካበት፣ መለኪያ ሽቦ ያለው የውጭ ቴርሞስታት ነው። የፍሪጁን ቁጥር ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ አድርገው ይተዉትና ማብራት ማጥፋቱን ቴርሞስታቱ ይሥራው። ቴርሞስታቱን 18 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፤ ልዩነቱን (ፍሪጁ ዳግም እስኪበራ ሙቀቱ ከፍ እንዲል የሚፈቀድለትን መጠን) 1 ዲግሪ፣ የኮምፕረሰሩን የመዘግየት ጊዜ ደግሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያድርጉ። ይህ መዘግየት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ደግሞም ወዲያው ተመልሶ ሲጠፋ ኮምፕረሰሩን ከመቃጠል ያድነዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመለኪያ ሽቦው ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ፍሪጁ ውስጥ በአየር ላይ ከተንጠለጠለ የሚለካው አየሩን ነው፤ አየሩ 18 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ፈሳሹ 22 ሊሆን ይችላል። ጫፉን ከፈሳሹ መካከለኛ ከፍታ ትይዩ የባልዲው ጎን ላይ ይለጥፉት፤ በላዩም የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ወይም የታጠፈ ጨርቅ አስደግፈው ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ይሰሩት። ስፖንጁ የፍሪጁን አየር ስለሚከልል ጫፉ የሚያነበው በቀጭኑ ፕላስቲክ በኩል የሚመጣውን የፈሳሹን ሙቀት ይሆናል። ፕላስተሩ በእርጥበት ላልቶ ጫፉ ቢወድቅ ንባቡ እንደሚሳሳት አይርሱ፤ ጠዋትና ማታ በእጅ ይፈትሹት።

ቴርሞሜትርዎን ደግሞ በፈላ ውሃ ፈትነው 100 አላሳየም ብለው እንዳይጥሉት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተሻለው መፈተኛ በደንብ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ውሃ የያዘ ብርጭቆ ነው፤ እያማሰሉ ሲለኩት 0 ማሳየት አለበት።

ጎንደር ላይ መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ ዋጋ የለውም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። 20 ሊትር ፈሳሽ ቶሎ አይሞቅም፤ የተዘጋ ፍሪጅም ሙቀት አያስገባም። መብላላቱ በጣም በበረታበት ቀን እንኳ ለስድስት ሰዓት መብራት ቢጠፋ ፈሳሹ የሚጨምረው አንድ ዲግሪ ገደማ ነው። ዋናው ነገር ሁኔታውን ልይ እያሉ በሩን አለመክፈት ነው። መጥፋቱ ከግማሽ ቀን የሚያልፍ ከመሰለዎት አስቀድመው ያዘጋጁትን በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ አንድ ጊዜ ከባልዲው ጎን አስቀምጠው በሩን መልሰው ይዝጉ።

ፍሪጁ ቢበላሽ እንኳ ዘዴ አለ። ባልዲውን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጡና ሌላ 20 ሊትር ውሃ ዙሪያውን ይሙሉበት። ሁለት ኪሎ በረዶ ቀልጦ ሲያልቅ 40 ሊትር ፈሳሽን በ4 ዲግሪ ያህል ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ባለ ሁለት ሊትር የበረዶ ጠርሙስ መቀየር ለመጋቢትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከሳፋው ውሃ በላይ የሚቀረውን የባልዲውን ክፍል በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው የጋቢው ጫፍ ውሃው ውስጥ እንዲነከር ቢተዉት ጥጡ ውሃውን ወደ ላይ እየሳበ ይተናል፤ የበጋው አየር ደረቅ ስለሆነም ይህ ብቻውን ጥቂት ዲግሪ ይቀንሳል። በክረምት ጨርቁ ቶሎ ስለማይደርቅ ያን ያህል አይሠራም፤ በክረምት ግን ክፍሉ ራሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ብዙም አያስፈልግዎትም። ቦታውም ቢሆን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከቆርቆሮው ጣሪያ የራቀ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ንባቡ ወደ 1.020 አካባቢ ሲወርድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚህ በኋላ ጠላትዎ ብርድ ነው። ቴርሞስታቱን ወደ 20፣ በማግስቱ ወደ 21 ወይም 22 ከፍ ያድርጉት። ከባዱ ሽታ የሚፈጠርበት ጊዜ ስላለፈ ይህ ሙቀት አይጎዳም፤ ይልቁንም እርሾው የቀረውን ስኳር እንዲጨርስና ዳይአሴታይል የተባለውን፣ ቅቤ ቅቤ የሚል ጣዕም የሚሰጠውን ውሕድ መልሶ እንዲበላው ያግዘዋል። በጥር ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ብቻ ስለሚችል ማታ ማታ ሙቅ ውሃ የያዙ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶችን ከባልዲው ጎን አስቀምጠው በሩን ይዝጉት። ፍሪጅ ሙቀትንም ይጠብቃል።

ቢራው ማለቁን የሚነግርዎት ሃይድሮሜትር ነው፤ ቀን መቁጠር አያስተማምንም። እርሾ ከጨመሩ በኋላ ግማሽ ሊትር ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው፣ ከደረቁ እርሾ ቆንጠር አድርገው ተጨማሪ ጣል ያድርጉበትና ክዳኑን አላልተው ከቤቱ ሞቃት ቦታ ያስቀምጡት። በየጊዜውም ይነቅንቁት። ይህ ትንሽ ናሙና በሙቀቱና በእርሾው ብዛት የተነሣ በሁለትና ሦስት ቀን ይጨርሳል፤ ጣዕሙ አይረባም፣ የደረሰበት ንባብ ግን ዋናው ቢራ የት መድረስ እንዳለበት ይነግርዎታል። በጥር ሲጠምቁ ይህን ቢያደርጉ ኖሮ ናሙናው 1.011 ሲያሳይ ባልዲው 1.016 ላይ መሆኑን አይተው ጠርሙስ ውስጥ ባላስገቡት ነበር። ያኔ መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ባልዲውን ወደ 21 ዲግሪ አሙቆ፣ ቀስ ብሎ በማወዛወዝ የዘቀጠውን እርሾ ማንሣትና ሌላ ሳምንት መጠበቅ።

ሃይድሮሜትሩንም በጥንቃቄ ያንብቡት። ናሙናውን ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ደጋግመው እያፈሰሱ ጋዙን ያስወጡት፤ አረፋዎች መሣሪያው ላይ ተለጥፈው ወደ ላይ ካነሡት ንባቡ ከእውነተኛው ይበልጣል። ከዚያ መሣሪያውን በጣትዎ አሽከርክረው ይልቀቁት፤ ሲረጋ ዓይንዎን ከፈሳሹ ጋር አስተካክለው ጎኑ ላይ የተሳበውን ጠርዝ ትተው ጠፍጣፋውን ወለል ያንብቡ። ናሙናው በመሣሪያው ላይ በተጻፈው ሙቀት፣ አብዛኛውን ጊዜ 20 ዲግሪ ላይ ይሁን። በሁለት ቀን ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ንባቦች እኩል ከሆኑና ሞቃት ቦታ ካስቀመጡት የጠርሙስ ናሙና ንባብ ጋር ከተስማሙ ቢራው አልቋል።

ስለ ስኳሩ ስሌቱን ከነምክንያቱ ላስቀምጠው፤ በጥር የተጠመቀው ቢራ ለምን እንደፈነዳም በዚሁ ይታያል። ለተለመደ ኤል በአንድ ሊትር 4.7 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቂ ነው። በባሕር ወለል ከፍታ በ20 ዲግሪ ተብላልቶ ያለቀ ቢራ ውስጥ 1.7 ግራም ያህል ጋዝ ሟሙቶ ይቀራል፤ ጎንደር ላይ ግን የአየሩ ግፊት ከዚያ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ የሚቀረው 1.3 ግራም አካባቢ ነው። የጎደለውን 3.4 ግራም ከስኳር እንሠራዋለን። አንድ ግራም ተራ ስኳር ግማሽ ግራም ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ በአንድ ሊትር 6.6 ግራም፣ ለ20 ሊትሩ 130 ግራም ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። ለባሕር ወለል የተዘጋጁ ሠንጠረዦች ከዚህ 10 እና 15 ግራም ያነሰ ቢነግሩዎት ምክንያቱ ይህ ነው። ወደ ጥር ወሩ ቢራ ስንመለስ፣ ለጥ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ነው፤ ለ330 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይህ በሊትር 12 ግራም ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። በዚያ ላይ ከ1.016 እስከ 1.011 ያለው ያልተበላ ስኳር አለ። በሃይድሮሜትሩ ከ1.016 ወደ 1.015 እንደመውረድ ያለ እያንዳንዱ እርምጃ በሊትር አንድ ግራም ያህል ጋዝ ስለሚሰጥ ሌላ 5 ግራም ተጨመረ። ሁሉም ሲደመር ከ12 ግራም ያልፋል፤ ይህም በ20 ዲግሪ ጠርሙሱ ውስጥ ከውጭው አየር በላይ 6 ባር ያህል ግፊት ይፈጥራል፤ በመጋቢት ሙቀት ደግሞ ከዚያም ይብሳል። የተለመደ የቢራ ጠርሙስ በየቀኑ የሚሸከመው የዚህን ሲሶ ያህል ነው።

ስኳሩን በየጠርሙሱ በማንኪያ አይጨምሩ። 130 ግራሙን በሚዛን መዝነው በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ያፍሉት፣ ያቀዝቅዙትና በሁለተኛ ንጹሕ ባልዲ ታች ያፍሱት። ከዚያ ቢራውን በላስቲክ ቱቦ፣ የቱቦው ጫፍ ከባልዲው ወለል እንደተጠጋና ሳይረጭ፣ አተላውን ከኋላ ትተው ወደዚያው ያውርዱት። በንጹሕ ማማሰያ በዝግታ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያማስሉት ይበቃል። ብዙ ማማሰል አየር ያስገባል፤ አየር የገባበት ቢራ ደግሞ በሳምንታት ውስጥ የእርጥብ ካርቶን ጣዕም ያመጣል።

ለጠርሙስ ተመላሹን ወፍራም ቡናማ የቢራ ጠርሙስ ይምረጡ፤ አፉ የተሸረፈውንና ስንጥቅ ያለበትን ይጣሉ። ቡናማው ቀለም ብርሃን ሆፕሱን እንዳያበላሸው ይከላከላል። አንዱን ግን ሆን ብለው በግማሽ ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይሙሉት፤ በጣትዎ ሲጫኑት የሚሰማዎት ጥንካሬ በሌሎቹ ውስጥ ያለውን ግፊት ሳይከፍቱ ይነግርዎታል። እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ሁሉንም ወደ ፍሪጅ ያስገቡ። ከላይ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ። ዕቃው ሁሉ ከታጠበ በኋላ በአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና በተጨመረበት ለ20 ደቂቃ ተነክሮ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በደንብ ይለቅለቅ። ጠላ የተጠመቀበትን የፕላስቲክ ዕቃ ለቢራ አይጠቀሙ። የጠላ ጥንስስ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን በፕላስቲኩ ጭረት ውስጥ ተደብቀው ይቀራሉ፤ ለጠላ ጠቃሚ ናቸው፣ በታሸገ ቢራ ውስጥ ግን የቢራ እርሾ የማይበላውን ስኳር ሳይቀር እየበሉ ግፊቱን ከፍ ያደርጉታል።

የተሞሉት ጠርሙሶች ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለው ቦታ ሁለት ሳምንት ይቆዩ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ግን ወደ አራት ሳምንት ሊረዝም ይችላል። በዚህ ወቅት ጋዝ አልያዘም ብለው ስኳር እንዳይጨምሩ፤ ሣጥኑን ወደ ሞቃት ክፍል ማዛወር ይበቃል። ለጥምቀት ማቅረብ የሚፈልጉ ከሆነ በኅዳር የመጀመሪያ ሳምንት ይጥመቁ፤ ሁለት ሳምንት ለመብላላት፣ አራት ሳምንት ለጠርሙስ ሰጥተው ከጥር 11 በፊት ቀናት ይተርፉዎታል።

በመጨረሻም እንደ ዳሽን ያለ ላገር (በቀዝቃዛ ሙቀት የሚብላላ የቢራ ዓይነት) ቤት ውስጥ መሥራት የሚፈልጉ ከሆነ ያው ፍሪጅ ይበቃዎታል፤ ቴርሞስታቱን ግን 12 ዲግሪ ላይ አድርገው የላገር እርሾ በእጥፍ፣ ማለትም ለ20 ሊትር ሁለት ከረጢት ይጨምሩ። ንባቡ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ወደ 16 ዲግሪ ከፍ አድርገው ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩት፤ የስኳሩን ስሌት ሲሠሩም ከሙቀቶቹ ከፍተኛውን፣ 16ን ይውሰዱ። በዚያ ሙቀት ቢራው ውስጥ የሚቀረው ጋዝ ትንሽ ስለሚጨምር ለ20 ሊትሩ 125 ግራም ስኳር ያህል ይበቃል።